ድጓው፣ ጌሙና አሮጌው ኮምፒዩተር

አጎቴ ድጓ ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ መሪጌታ ናቸው። ጋይንት ውስጥ ወንበር ዘርግተው ከአርባ ዓመት በላይ አስተምረዋል። እኔ ደግሞ እርሳቸው ዘንድ ሦስት ዓመት ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ፣ ጾመ ድጓውን ሳልጨርስ ወደ አስኳላ የኮበለልኩ ተማሪያቸው ነኝ። ዛሬ ደብረ ታቦር ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምጽፈው የአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ታሪክ ቢመስልም ግማሹ የዕዳ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ዕዳውን ያስታወሰኝ የ2014 ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ የአጎቴ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። ድጓው በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበርና ውሃው በማኅደሩ አፍ ገብቶ ሁለት ቀን ሳይታወቅ ቆየ። ሲወጣ ብራናው አብጧል። ዋናው ንባብ ብዙም አልተጎዳም። ከመስመሩ በላይ በደቃቁ የተጻፉት የዜማ ምልክቶች ግን በብዙ ገጽ ላይ ፈዘዋል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የሉም። ለዜማ ሰው ይህ ቃሉ ቀርቶ ድምፁ ሄደ እንደማለት ነው።

«ንባቡንማ ከየትም አገኘዋለሁ» አሉኝ በስልክ። «ምልክቱ ነው እንጂ። ዓይኔም ደክሟል። በቃሌ ያለው አብሮኝ ሳይቀበር አንድ ሰው ቢጽፍልኝ። አንተ በመኪና ትጽፍ የለ?»

ታትሞ የሚሸጥ ድጓ እንዳለ ነገርኳቸው። ያውቃሉ። እርሳቸው የሚፈልጉት ግን በወጣትነታቸው ራሳቸው የጻፉትን፣ መምህራቸው ቤተ ልሔም ላይ ቃል በቃል ያረሙላቸውን ነው። «እሺ የኔታ» አልኩ። እምቢ የምልበት አንደበት ከየት ይመጣል?

ላፕቶፕ የመግዛት አቅም አልነበረኝም። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት፣ ያገለገሉ የቢሮ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ አንድ ኦል-ኢን-ዋን አገኘሁ። ስክሪኑና ኮምፒዩተሩ አንድ አካል ነው፤ ከፊት ሲያዩት ወፈር ያለ ቴሌቪዥን ይመስላል። ዕድሜው ዐሥር ዓመት ደፍኗል። ባለሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት የሚይዝ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። ጀርባው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ተለጥፏል። ወደ ቤት ስገባ የጎረቤት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሞኒተሩስ ይኸው፣ ሲፒዩው የታለ?» የሚል ነበር። አንድ ላይ ነው ብል ማን ይመነኝ።

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 አፕል ያወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ እንዲሁ አንድ ሣጥን ነበር። ባለ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን ነበረው፤ ማስታወሻው 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ተሸክመው እንዲሄዱበትም ከላዩ እጀታ ተሠርቶለት ነበር። በ1998 የመጣው አይማክ ያንኑ ሐሳብ በቀለም አሸብርቆ መለሰው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ቢሮዎችና ባንኮች ጠረጴዛ አያጨናንቅም፣ ገመድ አያበዛም እያሉ ገዙት። ዘመኑ ሲያልፍበት ከቢሮ ወጥቶ ወደ እኔ ዓይነቱ ሰው እጅ ይመጣል።

አንድ ላይ መሆኑ ጥቅምም ዕዳም አለው። ስክሪኑ ከሞተ ኮምፒዩተሩም አብሮ ሞተ ማለት ነው። ግራፊክሱ ከዋናው ቦርድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አውጥቶ የተሻለ መተካት አይቻልም። ላፕቶፕ እንዳይባል ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን ጀርባውን ስከፍተው ውስጡ የላፕቶፕ ዘመድ መሆኑን አየሁ። ራሙ ያው የላፕቶፕ አጭር ራም ነው፤ ሌላ 4 ጊጋ ጨምሬ 8 አደረግሁት። የሚሽከረከረውን ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ ተካሁበት። የማቀዝቀዣውን አቧራ በብሩሽ አራገፍኩ፤ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ዊንዶውሱን አንስቼ ሊኑክስ ጫንኩ። ለመነሣት አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ዕቃ ከአንድ ደቂቃ በታች ይነሣ ጀመር። አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላውን ሁሉ ተዉና ዲስኩን ቀይሩት፤ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

አጎቴ በዚያ ክረምት ነፋስ መውጫ ከተማ ልጃቸው ቤት ገብተው ነበር። ስለዚህ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ከደብረ ታቦር ወጣሁ። መንገዱ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት፣ ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው ነው። የታሪክ መምህር ነኝና ከደብረ ታቦር ስወጣ ጋፋትን ሳላስብ አላልፍም። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት አቅጣጫ ነበር። መንገድ እየቆረጡ፣ ገደል እየናዱ ወራት ፈጀባቸው። የኔ ሸክም ሰባት ኪሎ ቢሆን ነው፤ ያም ሆኖ ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር።

ስለ ቤተ ልሔም ላልሰማ ሰው ትንሽ ልበል። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እያንዳንዱ ጉባኤ የራሱ ማስመስከሪያ አለው። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ነው፣ እርሱም እዚያው ጋይንት ነው። ድጓ ደግሞ ቤተ ልሔም ነው። ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት የሚባሉ ሌሎች የድጓ ቤቶችም ነበሩ፣ አሉም። በአገሩ ሁሉ የሰፋው ግን የቤተ ልሔሙ ነው። ከሸዋም ይምጣ ከትግራይ፣ የድጓ መምህር ልሁን ያለ ሰው የራሱን ድጓ ተሸክሞ እዚያ ይወጣል። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ያዜማል። የተሳሳተው ይታረማል፣ ብራናው ላይ ይፋቃል፣ እንደገና ይጻፋል። ሲጨርስ መሰከረ ይባላል። መጽሐፉና ሰውየው አብረው ይመሰክራሉ።

ቤተ ክርስቲያኑም ራሱ ታሪክ አለው። ከውጭ ሲታይ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ፣ ሣር ክዳን ነበር። እንደ ፈረንጆች በ1955 ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ በክቡ ክዳን ሥር በጥርብ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ላይ ጽፎታል። በፈረንጅ ቋንቋ «ተገኘ» ተባለ። ለአገሬው ጠፍቶ አያውቅም፤ ካህናቱ በየሌሊቱ ማኅሌት የሚቆሙበት ቤት ነው።

ድጓውን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ ትውፊቱ ይናገራል። ምልክቶቹ ግን የኋላ ሥራ ናቸው። ከግራኝ ጦርነት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ሠሯቸው ይባላል። ገላውዴዎስ እንደ ፈረንጆች ከ1540 እስከ 1559 የነገሡ ናቸው። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ጦርነቱ መጽሐፍ አቃጥሏል፣ ዜማውን በቃላቸው የያዙትን ሰዎችም ፈጅቷል። ሰው ሲያልቅ ድምፅን የሚያስታውስ ጽሑፍ አስፈለገ። አጎቴ በስልክ የነገሩኝ ፍርሃት አራት መቶ ሰባ ዓመት ያለፈው ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ይህን ፍርሃት ይዤ ነው ኪቦርድ ፊት የተቀመጥኩት።

የአማርኛ ፊደል ወደ ማሽን የገባበት መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ የጽሕፈት መኪናው መጣ፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለአማርኛ መኪና የደከሙ ሰው ናቸው። ፊደላችን ብዙ፣ የመኪናው ቁልፍ ትንሽ ስለሆነ ቅርጹን ከነቅጥያው እየገጣጠሙ መምታት ግድ ነበር። እንደ ፈረንጆች በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር ሲመጣ አሜሪካ የነበረው ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ በኩል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን የአማርኛ መጻፊያ ሠራ። ከዚያ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ተከታተሉ። ችግሩ ሁሉም የየራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ይህን መከራ አይረሳም፤ ፍላሽ ይዞ የመጣ ደንበኛ «በምንድን ነው የተጻፈው?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይስተናገድም ነበር።

እንደ ፈረንጆች በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ቋሚ ቁጥር አገኙ። ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ መጣና ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አማርኛ መጻፍ ተቻለ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ላይ ግን፣ ከተጨማሪ ፊደላት ጋር፣ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ተካተዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት-ሂደት፣ ቁርጥ። በሠንጠረዡ ላይ ከ1390 እስከ 1399 ባሉት ቁጥሮች ተቀምጠዋል፤ ዓመተ ምሕረት ይመስላሉ።

ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለአጎቴ ስነግራቸው በጣታቸው ቆጠሩ። «ስምንቱ ልክ ናቸው። አንብርና ድርስስ የት አሉ?» አሉ። እነርሱ በፊደል፣ በ«ር» እና በ«ስ» ስለሚጻፉ አዲስ ቁጥር እንደማያስፈልጋቸው ተነጋግረን ተግባባን። በእርሳቸው ቆጠራም ዐሥር፣ በማሽኑ ቆጠራም ዐሥር፤ ዐሥሮቹ ግን አንድ አይደሉም። ታሪክ ስንጽፍም እንዲህ ነው፣ ድምሩ እየገጠመ ዝርዝሩ ይለያያል።

ደስታው አንድ ቀን ቆየ። ምልክቶቹ ማሽኑ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ከፊደሉ ራስ ላይ አይወጡም። እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንደ ፊደል በመስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ድጓ ላይ ደግሞ ምልክት ቦታው ከንባቡ በላይ ነው፤ ጎኑ ከተቀመጠ ምንም አይደለም። ሁለት ሳምንት ታገልኩ። በመጨረሻ መላው የተገኘው ከጃፓን ነው። ጃፓኖች ከከባዱ ፊደላቸው በላይ ንባቡን በደቃቁ የሚጽፉበት ልማድ አላቸው፤ ፉሪጋና ይሉታል። ሊብሬ ኦፊስ ለእነርሱ ብሎ የሠራው፣ የእስያ ቋንቋዎችን ስናበራ ብቻ የሚመጣ መሣሪያ አለ። ቃሉን መምረጥ፣ ሳጥኑን መክፈት፣ ከላይ የሚወጣውን መጻፍ። አቢሲኒካ የሚባለውን ፊደል ጭኜ ሞከርኩት። ርክርኩ ከፊደሉ ራስ ላይ ቁጭ አለ! የቤተ ልሔም ዜማ በጃፓን መሰላል ወጣ ማለት ነው።

ግን ቀርፋፋ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ሳጥን መክፈት አለብኝ። አንድ ገጽ አንድ ምሽት ይበላል። በዚህ ላይ ማሽኑን የሚሻማኝ ሰው አለ።

የአጎቴ የልጅ ልጅ ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ኦል-ኢን-ዋኑ ቤታቸው ከገባ በሳምንቱ ዋይን በሚባለው ፕሮግራም በኩል ቫይስ ሲቲን አስነሥቶታል። ከዚያ ፔስ 2013 መጣ፤ ግራፊክሱን ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱን አሳንሶ ያጫውተዋል። ማሽኑ እንደ አቅሙ ነው፤ ከዐሥር ዓመት ወዲህ የወጣ ከባድ ጌም አይሞከርም። ልጁ ግን አላማረረም። የሰፈር ልጆች በተራ እየተጋፉ ይጫወታሉ፤ ተራ የሚጠብቁት ደጅ ገበጣ ይጫወታሉ። ቀን የት/ቤት ሥራ ይጻፍበታል፣ የእናቱ የዕቁብ ዝርዝር ይሠራበታል፣ ማታ ድጓ። አንድ ቀን ልጁ በስልኩ ኩኩሉ የሚባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታ ለአያቱ አሳያቸው። የሠራው የአዲስ አበባው ድርጅት «ቅኔ ጌምስ» ይባላል ስላቸው አጎቴ ከት ብለው ሳቁ። «ድሮስ ቅኔ ጨዋታ አልነበረም?»

እኔ ጌሙን እጠላው ነበር። ሥራዬን ይሻማኛል፣ ማሽኑን ያግለዋል እያልኩ እቆጣለሁ። ከ2015 ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ ግን በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቴሌግራም የለም፣ ዩቲዩብ የለም። ትምህርትም ብዙ ጊዜ አልነበረም። ደብረ ታቦርና ነፋስ መውጫ መሄድ መመለሱም እንደ ድሮው አልሆነም። ስልክ ሁሉ ባዶ ቆርቆሮ በሆነበት በዚያ ጊዜ፣ ከማንም ጋር መገናኘት የማያስፈልገው አሮጌ ማሽን የቤቱ መብራት ሆነ። ልጆቹ ከመንገድ ላይ ተሰብስበው እቤት ዋሉ። እናቱ «እግዜር ይስጠው ይሄን ዕቃ» ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ። ያገለገለ ዩፒኤስ ፈልጌ ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይይዛል። ለእኔ ሴቭ ለማድረግ፣ ለልጁ ጎሉን ለማግባት ይበቃል።

ያን ጊዜ ነው ልጁ ጎኔ ቁጭ ብሎ ስሠራ ያየኝ። ሳጥን ስከፍት ስዘጋ ታዘበኝና «ጋሼ፣ ጌም ላይ እኮ ቁልፍ እንደፈለጉ መቀየር ይቻላል፤ እዚህስ?» አለ። እዚህም ይቻል ኖሯል። ለእያንዳንዱ ምልክት አቋራጭ አበጀለት። በሳምንቱ ከእኔ በሦስት እጥፍ ይጽፍ ጀመር። ርክርክን ከሂደት የሚለየው በድምፁ ሳይሆን በቁልፉ ነው፤ ቢሆንም ስማቸውን አወቀ።

መንገድ ሲከፈት በወጣሁ ቁጥር የጻፍነውን አትመን ለአጎቴ እናሰማለን። እርሳቸው አያዩም። ልጁ ንባቡን ከነምልክቱ ያነብላቸዋል፣ እርሳቸው ያዜማሉ፣ ያልተስማማው ይታረማል። መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ነው የሚቀመጡት። ለወረቀቱ አይደለም ይህ ሁሉ ሥርዓት፣ ለድጓው ነው።

አንድ ቀን አስቆሙት። «ድገመው» አሉ። ደገመው። «ይኼ የግዕዝ አካሄድ ነው። እዚህ ቦታ ዕዝል ነው። ከየት አመጣችሁት?»

ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያው ቃል በብዙ በዓል ይመላለሳል። ጊዜ ለመቆጠብ አንዴ ከነምልክቱ የጻፍኩትን ኮፒ እያደረግሁ በየቦታው ለጥፌው ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ ዜማው ግን እንደ ቀኑና እንደ ስልቱ ይለወጣል። ስንፈልግ ዐሥራ አንድ ቦታ ተገኘ። ብራና ላይ የሚጽፍ ተማሪ እንዲህ ዓይነት ስሕተት በቀላሉ አይሠራም፤ መቃውን በነከረ ቁጥር ቃሉን ከነዜማው በአፉ ስለሚያልፍበት። ማሽኑ ያደረገው ስሕተቴን ሳይደክም፣ ሳያፍር፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ማባዛት ነው። ቤተ ልሔም ለምን እንደኖረ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት ቆሎ ስለምን አልገባኝም ነበር። መጽሐፍ የሚባዛበት ቦታ የትም ሞልቷል። የተባዛውን ሰምቶ «ይኼስ አይደለም» የሚል ሰው ያለበት ቦታ ግን ጥቂት ነው።

አጎቴ አልተቆጡም። ቦታውን እየሰሙ ቆዩና፣ የጾሙ ክፍል መሆኑን ሲያውቁ ፈገግ አሉ።

«ይህችን ያኔም ትስታት ነበር» አሉኝ።

አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ዱላ ጠብቄ ነበር፤ ከዚያ ዱላ ሸሽቼ ነው አስኳላ የገባሁት። ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ራሳቸው አዜሟት፣ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። ልጁ ቁልፉን እየተጫነ ምልክቱን አስተካከለ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተከተልኳቸው። ሁለተኛው ላይ አልሳትኩም።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ 61 ገጽ ደርሰናል። የሚቀረው በመቶዎች ይቆጠራል። ማሽኑ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አውጥቷል፣ ከግራ በኩል ከላይ እስከ ታች፤ መጨረሻው መቅረቡን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፋይሉን ሦስት ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ ደብረ ታቦር ነው። እርሳቸውም ሰማንያን አልፈዋል። ከማሽኑና ከአጎቴ ማን ይቀድማል ብዬ ሌሊት የምነቃበት ጊዜ አለ።

ፍላሹን ግን የሚያርመው የለም። ስለዚህ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ለልጁ አንድ ስምምነት አቀረብኩለት፤ አንድ ገጽ ከመጻፉ በፊት አያቱ ፊት ቆሞ ያን ገጽ ያዜማል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ፔስ ይጫወታል፣ ማንም አይነካውም። አስቦ፣ «ሁለት ሰዓት» አለኝ። ተስማማን።